ስለ ውኃ ቁንጫ አመጋገብ

በማለዳ ወደ አሞራ ገደል ወርዶ የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን አስጠግተው ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲያወርዱ፣ አባ ኮዳውም ዙሪያውን ከብቦ የሚጣለውን አንጀት ሲጠባበቅ፣ ቆሞ የሚመለከተው ሰው ስለ ዓሣው ዋጋና ስለ ዓሣው ማነስ ብዙ ይነጋገራል። በዚህ ንግግር መካከል ደጋግመን የሰማነው አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «ውኃው አረንጓዴ ከሆነ ምግብ ሞልቷል፤ ምግብ ከሞላ ደግሞ ዓሣው ይበዛል» የሚል ነው። እኛም የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ሆነን ሳለ ይህን አባባል ሳንመረምረው ተቀብለን ቆይተናል። ያጠራጠረን በዓይን በጭንቅ የሚታይ አንድ ትንሽ ፍጡር ነው፤ እርሱም የውኃ ቁንጫ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የውኃ ቁንጫ እንዴት እንደሚመገብ፣ የምግቡ ዓይነትና ብዛት ሲለዋወጥም አበላሉ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ይህም ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ምን እንደሚያሳስብ በተቻለን መጠን እንገልጻለን። የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች የሆኑ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም እንዲከታተሉት ስለ ፈለግን የሳይንስ ስሞችን አሳንሰናል።

ስሙ ቁንጫ ይባል እንጂ ይህ ፍጡር አልጋ ላይ ከሚያስቸግረን ቁንጫ ጋር ዝምድና የለውም። ዘመዶቹ እነ ሸርጣን ናቸው። ቁንጫ ያሰኘው፣ ቅርንጫፍ ባላቸው በሁለት ትልልቅ አንቴናዎቹ ውኃውን እየመታ እየዘለለ መሄዱ ነው። ገላው ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ በማጉያ መነጽር ሲታይ የልቡ ትርታ፣ በጀርባው የተሸከማቸው እንቁላሎችና አንጀቱ ሁሉ ወለል ብለው ይታያሉ። የበላውን አንጀቱ ውስጥ ቀለሙን አይቶ ማወቅ የሚቻልበት እንስሳ ከዚህ ሌላ እምብዛም አይገኝም፤ ለተማሪ ልምምድ የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። መጽሔታችን በማባዣ መኪና የምትታተም ስለ ሆነች ሥዕል አይወጣላትምና የአበላሉን መሣሪያ በቃል እንግለጽ።

የውኃ ቁንጫ ሰውነት በሁለት ወገን እንደ ካፖርት በተጣጠፈ ልባስ የተሸፈነ ሲሆን፣ ልባሱ በሆድ በኩል ክፍት ነው። በውስጡ ዳፍኒያ በተባለው ዓይነት አምስት ጥንድ፣ ዲያፋኖሶማ በተባለው ዓይነት ደግሞ ስድስት ጥንድ እግሮች ይገኛሉ። እነዚህ እግሮች መሄጃ አይደሉም። ሳያቋርጡ በመወዛወዝ ውኃውን ከፊት እየሳቡ ወደ ኋላ ይለቃሉ፤ በላያቸው የተደረደረውም ጠጉር እጅግ ጠባብ ዓይን ያለው ወንፊት ሆኖ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቅንጣት ያስቀራል። የተያዘው ቅንጣት በእግሮቹ መካከል ባለው ቦይ ወደ አፍ ይሄዳል፤ እዚያም እንደ ጉርሻ ተጠቅልሎ መንጋጋው ይቀበለዋል። ጉርሻው ከበዛ ወይም ካልተፈለገ፣ ቁንጫው የሆዱን ጫፍ ወደ ፊት አጥፎ በጥፍሩ ጠርጎ ያወጣዋል። አንባቢ ይህችን ጥፍር እንዲያስታውሳት እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስባታለንና።

እንግዲህ የውኃ ቁንጫ እንደ አንበሳ አድኖ፣ እንደ በግም መርጦ ግጦ የሚበላ አይደለም። ያገኘውን ውኃ ያጣራል። ስለዚህም ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ አንደኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ውኃ አጣራ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያ ውኃ ስንት ሕዋስ በላ የሚለው ነው። በፈተና ላይ እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ ብዙ ነው፤ እኛም አምታትተናቸዋል።

በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ቁንጫ በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር ውኃ ያጣራል እንበል። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 5,000 የአልጌ ሕዋስ ቢኖር በሰዓት 5,000 ይበላል፤ 10,000 ቢኖር 10,000 ይበላል። እስከዚህ ድረስ ምግቡ በጨመረ ቁጥር የሚበላውም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የሚያጣራው ውኃ ግን አይለወጥም። ነገር ግን አፉና አንጀቱ በሰዓት ከ20,000 በላይ ማስተናገድ የማይችሉ ከሆነ፣ ውኃው 40,000 ሲይዝ ምን ይሆናል? ያን ጊዜ የሚበላው በ20,000 ላይ ይቆማል፤ የሚያጣራው ውኃ ደግሞ ወደ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይወርዳል። መሶቡ ሞልቶ ቢቀርብም የአንድ ሰው ጉርሻ ከአፉ እንደማያልፍ ማለት ነው። ይህ ድንበር፣ ማለትም ምግብ ከዚያ በታች ሲሆን የሚያጥርበት፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ትርፍ የሚሆንበት መጠን፣ የአመጋገብ ጥናት ዋና ቁልፍ ነው።

ይህን ነገር በሚገባ ያሳዩት በካናዳ ይሠሩ የነበሩት ማክማሆንና ሪግለር የተባሉ ሊቃውንት ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ባወጡት ጥናት፣ ትልቁ የዳፍኒያ ዓይነት የምግቡ ብዛት ከድንበሩ ሲያልፍ አበላሉን በምን እንደሚቆጣጠር መርምረዋል። በ1965 ደግሞ ምግቦቹን ጨረር በሚያወጣ ፎስፎር ምልክት አድርገው የተለያዩ ምግቦችን አወዳድረዋል፤ ቁንጫው የበላው መጠን ከገላው በሚወጣው ጨረር ይለካ ነበር ማለት ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ባይኖርም የዋናው ሐሳብ ማረጋገጫ በማጉያ መነጽርና በጥቂት የማርማላታ ጠርሙስ ሊሠራ ይችላል። የሠራነውንም ከነስሕተቱ እንናገራለን።

ቁንጫዎቹን ያገኘነው ከሁለት ቦታ ነበር። ከሐይቁ በመረብ ያወጣናቸው ዲያፋኖሶማዎች ገና ከጠርሙሱ ሳንደርስ አለቁብን። ልባሳቸው ውኃ የሚሸሽ በመሆኑ፣ መረቡን ከውኃ ስናወጣው አየር ይነካቸውና ከዚያ በኋላ በውኃው ፊት ላይ ተጣብቀው ወደ ታች መግባት ያቅታቸዋል። (መረቡን ከውኃ ሳያወጡ ጠርሙሱን ከሥሩ ማስገባት እንደሚሻል በኋላ ተምረናል።) ከዓሣ ማርቢያ ኩሬ ያመጣናቸው ሞይና የተባሉት ግን ጠንካሮች ሆነው ተገኙ፤ ልምምዱን የጀመርነውም በእነርሱ ነው።

የመጀመሪያው ምግብ ከሱቅ የገዛነው የዳቦ እርሾ ነበር። «ይብሉ፣ ይጥገቡ» ብለን ግማሽ የሻይ ማንኪያ በአንድ ጠርሙስ ውኃ በጥብጠን ሰጠናቸውና ወደ መኝታችን ሄድን። በማግሥቱ ጠርሙሱ ወተት መስሎ፣ ሽታው ጥንስስ ጥንስስ እያለ፣ ሞይናዎቹ ሁሉ ከሥር ተኝተው ጠበቁን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ ይተነፍሳል፣ በጠርሙሱ ውስጥ የነበረውንም ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ምግብ በመብዛቱ ብቻ በላተኛው ሊሞት እንደሚችል ያየነው በዚያ ጠዋት ነው።

በሁለተኛው ሙከራ እርሾውን አቅጥነን አምስት ጠርሙስ አዘጋጀን፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ ከፊተኛው ግማሹን ብቻ እንዲይዝ አደረግን። ሞይናዎቹን አስቀድመን አረንጓዴ አልጌ ባለበት ውኃ ስላቆየናቸው አንጀታቸው ጥርት ያለ አረንጓዴ ነበር። ወደ እርሾው ሲዛወሩ አንጀቱ ከፊት መንጣት ይጀምራል፤ ነጩ ከኋላ እየገፋ አረንጓዴውን ያስወጣዋል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ አረንጓዴ ሆኖ ድንበሩ ቁልጭ ብሎ ሲሄድ ማየት ደስ ያሰኛል። እርሾው በወፈረበት ጠርሙስ ድንበሩ ፈጥኖ ወደ መጨረሻው ደረሰ፤ በቀጠነበት ግን ዘገየ። ያጠናናቸው ቁንጫዎች ጥቂት ስለ ሆኑ የደቂቃውን ቁጥር እዚህ አናትምም፤ አካሄዱ ግን በሦስት ቀን ሙከራ አልተለዋወጠም።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንድ ጓደኛችን «አንጀታቸው በሁሉም ጠርሙስ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ጠግበዋል» አለ። ነገሩን ለመፈተን ጥቂቶቹን ምንም ምግብ በሌለበት ንጹሕ ውኃ አቆየናቸው። የእነዚህም አንጀት ቶሎ ባዶ አልሆነም። ምክንያቱም የቀድሞውን ምግብ የሚያስወጣው አዲስ የሚገባው ምግብ ስለ ሆነ፣ የሚገፋ ከሌለ የቆየው እዚያው ይዘገያል። ስለዚህ የሞላ አንጀት የጥጋብ ምስክር አይሆንም። በተቃራኒውም፣ ምግብ በጣም በበዛበት ውኃ አንጀቱ ፈጥኖ ስለሚያሳልፍ ከገባው ምግብ ሳይዋሐድ የሚወጣው ብዙ ነው።

ጥፍሯንም ያየናት በዚህ ጊዜ ነው። የእግሮቹ ውዝዋዜ በዓይን ለመቁጠር የማይቻል ፈጣን ስለ ሆነ፣ የእጅ ስልክ በማጉያ መነጽሩ ላይ ደግነን ዘግይቶ የሚያሳይ ፊልም አነሣን። በወፍራሙ ጠርሙስ ያለው ቁንጫ የሆዱን ጫፍ ቶሎ ቶሎ እያጠፈ ጉርሻውን ጠርጎ ይጥላል፤ በቀጭኑ ጠርሙስ ያለው ግን ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ከላይ በምሳሌ የተናገርነው የሚጣራው ውኃ መቀነስ በተግባር የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው፤ እግሮቹ ውዝዋዜያቸውን ይቀንሳሉ፣ ጥፍሯ ደግሞ ትርፉን ትጥላለች። ቁንጫው ግን ጠርጎ ለመጣልም ጉልበት ያወጣል፤ የተጣለው ጉርሻ ውስጥም ጥሩው ከመጥፎው ጋር አብሮ ይሄዳል።

በቁጥር ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው መንገዱ እንዲህ ነው። የአልጌውን ብዛት በሕዋስ መቁጠሪያ መስታወት አስቀድሞ መቁጠር፣ ቁንጫዎቹን ማስገባት፣ አልጌው በብርሃን እንዳይራባ ጠርሙሱን በጨለማ ማስቀመጥ፣ ወደ ሥርም እንዳይዘቅጥ አልፎ አልፎ በቀስታ ማማሰል፣ በመጨረሻም እንደገና መቁጠር ነው። ቁንጫ የሌለበት አንድ ጠርሙስ በአጠገቡ ካልተቀመጠ ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ የአልጌው መቀነስ ከመበላት ይሁን በራሱ ከመሞት አይታወቅምና። ለምሳሌ ያህል በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 20 ቁንጫ አስገብተን በ4 ሰዓት ውስጥ አልጌው ከ40,000 ወደ 30,000 ወረደ፣ ቁንጫ የሌለበት ጠርሙስ ደግሞ አልተለወጠም እንበል። የ40,000ና የ30,000 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ልዩነት 0.288 ነው። ይህን በ4 ሰዓት ስናካፍል 0.072 ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ቁንጫ በሚደርሰው በ5 ሚሊ ሊትር ስናበዛው በሰዓት 0.36 ሚሊ ሊትር ተጣርቷል ማለት ነው። የተበላው ደግሞ በአንድ ቁንጫ በሰዓት 12,500 ሕዋስ ይሆናል። ሎጋሪዝም ያስፈለገው፣ ቁንጫው አንዴ ያጣራው ውኃ ካልተጣራው ጋር እየተቀላቀለ ምግቡ በየሰዓቱ ስለሚቀጥን ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብዛት ነው። የምግቡ ዓይነት ግን ከዚህ የበለጠ ነገር ያዛባል።

በመጀመሪያ መጠኑ አለ። ካሮሊን በርንስ የተባሉት ሳይንቲስት በ1968 የተለያየ መጠን ያላቸውን ትንንሽ ክብ ቅንጣቶች ለቁንጫዎች እየሰጡ የትኛውን መዋጥ እንደሚችሉ ለክተዋል። ባገኙት ስሌት የቁንጫው ርዝመት በሚሊ ሜትር በ22 ተባዝቶ 4.87 ሲጨመርበት ሊዋጥ የሚችለው ትልቁ ቅንጣት በማይክሮሜትር ይገኛል፤ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው። ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ዳፍኒያ እስከ 49 ማይክሮሜትር ሲውጥ፣ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው ከ27 አያልፍም። ይህ ልዩነት ቀላል እንዳልሆነ ወደ ሐይቃችን ስንመለስ ይታያል።

ቀጥሎ ቅርጹ አለ። እንደ ክር የረዘመ አልጌ ወደ ወንፊቱ ከገባ ከጠጉሩ ጋር ይተበተባል፤ ቁንጫውም እርሱን ለማውጣት ሲል አብሮት የነበረውን መልካም ምግብ ሁሉ ጠርጎ ይጥላል። መብሉን የሚያሳጣው የምግብ እጥረት ሳይሆን የክሩ መኖር ነው።

መዋጥ ብቻውንም መብላት አይደለም። ካረን ፖርተር በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ በለጋ ሙጫ የተሸፈኑ አንዳንድ አረንጓዴ አልጌዎች በዳፍኒያ አንጀት አልፈው በሕይወት ይወጣሉ፤ እንዲያውም በአንጀቱ ውስጥ ካለው ፎስፎር ተጠቅመው የተሻለ ያድጋሉ። በላተኛው ለተበላው አሽከር ሆነ ማለት ነው! ራይዘር የተባሉት ተመራማሪም በ1954 ክሎሬላ የተባለው አልጌ ሲያረጅ ዳፍኒያ ማጣራቱን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ አንድ ዓይነት ምግብ ለጋው ይበላል፣ ያረጀው ይከለክላል። ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባሉት ሲያኖባክቴሪያዎች ደግሞ ሌላ ጉድለት አለባቸው። ቁንጫ በራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ለእድገቱና ለእንቁላሉ ግን የሚያስፈልገው ስቴሮልና ረጅሙ የስብ አሲድ በእነርሱ ውስጥ የለም ወይም እጅግ አነስተኛ ነው። ከእነርሱም መካከል ማይክሮሲስቲስ የተባለው አንዳንዱ ዘር መርዝ ያወጣል። ደለልም ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ ጎርፍ ያመጣው የሸክላ አፈር ቅንጣት ለወንፊቱ ልክ የሆነ ስለ ሆነ ቁንጫው እንደ ምግብ ያጣራዋል፣ አንጀቱም በአፈር ይሞላል።

አሁን ወደ ሐይቃችን እንመለስ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ የሚገባበት፣ በገጸ ምድር ግን ምንም ወንዝ የማይወጣበት ሐይቅ ነው። ከከተማውና ከዙሪያው እርሻ የሚገባው ማዳበሪያ የሆነ ነገር ሁሉ፣ በመረብ ወይም በሌላ መንገድ ካልወጣ በቀር፣ በውኃውና በሥሩ ባለው ጭቃ ይቀራል። ሥዩም መንግሥቱና ፈርናንዶ በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ በሐይቁ ከሚገኙት ትንንሽ ተንሳፋፊ ሸርጣን ዘመዶች ዋነኞቹ ሁለት የሳይክሎፕስ ወገኖችና ዲያፋኖሶማ ኤክሲሱም መሆናቸውን ገልጸዋል። እንግዲህ በሰፊው ውኃ ላይ ዋናው የውኃ ቁንጫ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ትንሽ ፍጡር ነው። ኤልሳቤጥ ከበደና አምሃ በላይ ደግሞ በ1994 ባወጡት ጥናት በሐይቁ ከበዙት አልጌዎች መካከል ሊንግቢያ፣ ቦትሪዮኮከስና ማይክሮሲስቲስ እንደሚገኙ አመልክተዋል።

እነዚህን ሁለት ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናያቸው ነው የአሞራ ገደሉ አባባል ያጠራጠረን። ሊንግቢያ ክር ነው። ማይክሮሲስቲስ ብዙ ሕዋስ በሙጫ ተያይዞ የሚንሳፈፍ ክምር ሲሆን፣ ሲያድግ በዓይን እስኪታይ ድረስ ይተልቃል። ቦትሪዮኮከስም ዘይት ያዘለ ክምር ነው። የበርንስ ስሌት የተገኘው በሌሎች ቁንጫዎች ቢሆንም፣ ለግምት ያህል ብንወስደው፣ ለዲያፋኖሶማ አፍ ልክ የሆነው ምግብ ከሩብ መቶ ማይክሮሜትር ያነሰው ብቻ ነው። ውኃው አረንጓዴ ሆኖ ለዓይናችን የሚታየው አብዛኛው ነገር ለቁንጫው ምግብ ላይሆን ይችላል። ለእርሱ የሚሆነው በዚያ አረንጓዴ መካከል የተሰወሩት ትንንሽ አልጌዎችና ባክቴሪያዎች ናቸው። አንድ ብርጭቆ የሐይቅ ውኃ ቀርቦልን «የምግቡ ብዛት ስንት ነው?» ብንባል መልሱ «ለማን?» የሚል ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ቆሮሶው አረንጓዴውን ራሱ አይበላም ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ይበላል። ጌታቸው ተፈራ በዚሁ በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ላይ ባደረጉትና በ1989 በወጣው ጥናት የጨጓራውን አሲድና በቀን ውስጥ የሚበላበትን ሰዓት መርምረዋል። የቆሮሶ ጨጓራ እጅግ ኀይለኛ አሲድ ስለሚያመነጭ፣ ቁንጫውን ያቃተውን የሰማያዊ አረንጓዴ ሕዋስ ግድግዳ አፍርሶ ይጠቀምበታል። ይሁን እንጂ ይህ ያደገው ቆሮሶ ነው። ቱዶራንቻና ጓደኞቻቸው በ1988 በዚህ ሐይቅ ጫጩት ቆሮሶዎች ላይ ባወጡት ጥናት እንደሚታየው፣ ትንንሾቹ የሚመገቡት በውኃ ውስጥ ያሉ ትንንሽ እንስሳትን ጭምር ነው። ስለዚህ ትልቁ ቆሮሶ በአረንጓዴው ላይ ሲጠግብ፣ ልጁ የቁንጫውን ዕድል ይጋራል። የቁንጫው ወንፊት በክር ከተተበተበ ጉዳቱ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በአሞራ ገደል ሚዛን ላይ ሊታይ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ማንም ቁንጫውን አያስታውስም።

ይህን ስንል አረንጓዴ ውኃ ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። በዓሣ ማርቢያ ኩሬ ውስጥ ትንንሽ አረንጓዴ አልጌ በልክ ሲበዛ ሞይናዎቹ እንዴት እንደሚረቡ በዓይናችን አይተናል። የምንቃወመው ቀለሙን አይቶ መፍረድን ነው። በልምምድ ክፍላችንም የውኃውን አረንጓዴነት ለክቶ «የምግብ መጠን» ብሎ የሚጽፍ ዘገባ እስካሁን አለ፤ እኛም ባለፈው ወሰነ ትምህርት እንዲሁ ጽፈን ጥሩ ነጥብ አግኝተንበታል።

ለሚቀጥለው ያሰብነው ሙከራ ቀላል ነው። ከአንድ ቦታ የተቀዳውን የሐይቅ ውኃ ለሁለት ከፍለን፣ አንደኛውን በጠባብ ወንፊት አጥልለን ክሩንና ክምሩን እናወጣለታለን፤ ሁለተኛውን እንዳለ እንተወዋለን። ለሁለቱም እኩል ዲያፋኖሶማ ሰጥተን የጥፍሯን ጠረጋና በጀርባቸው የሚታየውን እንቁላል እንቆጥራለን። አረንጓዴነቱ በተቀነሰለት ውኃ ያሉት ቁንጫዎች የበለጠ እንቁላል ከያዙ ነገሩ ይለያል። ማጥለያውን ጨርቅ አግኝተናል፤ የጎደለን ጀልባና ዲያፋኖሶማዎቹን አየር ሳይነካቸው የሚያወጣ እጀ ቀና ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ ጋር ለመውረድ የሚፈልግ ሁሉ ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ይዞ ይምጣ፤ እርሾ ግን እንዳያመጣ።